እትዬ ፀጉሬን ያልሠሩኝ ቅዳሜ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ስምንተኛ ክፍልን ሳልጨርስ ትምህርት ካቆምኩ ወዲህ እስክሪብቶ የምይዘው ከሱቅ የምገዛውን ለመመዝገብ ብቻ ነው፤ እሱንም ጽፌ ወረቀቱን ቤት ረስቼው እሄዳለሁ። ይህን ደብተር የገዛሁት የሚያየኝ ሐኪም በቅርቡ ስላዘዘኝ ነው። ሰው ሲያስከፋሽ መጀመሪያ የሆነውን ነገር ጻፊ፣ ከሥሩ አንቺ ያሰብሽውን ጻፊ፣ ከዚያ ሁለቱን አስተያዪ አለኝ። ለጥቂት ሳምንታት እንዳለኝ አደረግኩ። ታክሲ ውስጥ ስለገላመጠችኝ ሴት ጻፍኩ፤ ሰላም ብያት ዝም ስላለችኝ ጎረቤት ጻፍኩ። ትናንት ግን ደብተሩን ከፍቼ ስለ እትዬ ቤት መጻፍ አማረኝ። ቤቱ አሁን የለም። መንገዱ ሲሰፋ ፈርሷል። እኔ ካልጻፍኩት ደግሞ ማንም የሚጽፈው አይመስለኝም።

እትዬ ሹሩባ የሚሠሩበት ቤት ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን ያለ አንድ ክፍል ነበር። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው መሰማማት ስለማንችል ሠሪውም ደንበኛውም ዝም ይላል። ያን ዝምታ እወደው ነበር፤ በእኔ ምክንያት የመጣ አልነበረማ። ነፋሱ ከቆሼ፣ ከከተማው ቆሻሻ መጣያ በኩል የዞረ ቀን በሩን እንዘጋለን፤ ያኔ ክፍሉን የፀጉር ቅባት ሽታና የፈላ ውሃ እንፋሎት ይሞላዋል። የተጎነጎነው ዊግ ጫፉ እንዳይፈታ ፈላ ውሃ ውስጥ እንነክረዋለን፤ ያ የራሰ ዊግ ሽታ ዛሬም በሆነ ፀጉር ቤት ደጃፍ ሳልፍ ድንገት ሲመጣብኝ እግሬ ይቆማል።

ቤቱ የግድግዳ መስታወት አልነበረውም። ደንበኛዋ ተሠርታ ስታበቃ ራሷን የምታይባት አንዲት የእጅ መስታወት ብቻ ነበረች። እስከዚያው ዝቅ ያለ ዱካ ላይ ጀርባዋን ሰጥታኝ በጉልበቶቼ መሃል ትቀመጣለች፤ እኔ የማየው ማጅራቷን ነው። ሥራውን የወደድኩት በዚህ ነው። የሰው ፊት ፊት ለፊቴ ካለ እጄ አይታዘዘኝም። ቅንድብ ትንሽ ሲሰበሰብ ካየሁ ጠላችኝ እላለሁ፤ ስታዛጋ ሰለቸኋት እላለሁ። ማጅራት ግን አይገላምጥም። ጣቶቼ ፀጉር ውስጥ ከገቡ ደግሞ ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው ጫጫታ ይረግባል። ሦስት ሰዓት፣ አራት ሰዓት ተቀምጬ አይታወቀኝም። ያ ሥራ ባይኖር ምን እሆን እንደነበር እንጃ።

ትምህርት ለምን እንዳቆምኩ ሰው ሲጠይቀኝ በችግር ነው እላለሁ፤ ቶሎ ይታመናል። እውነቱ ሌላ ነው። አንድ ዴስክ ላይ ለሦስት እንቀመጥ ነበር፤ እኔ ሁልጊዜ በመስኮቱ በኩል። አንድ ቀን አርፍጄ ስገባ ቦታዬ ላይ ሌላ ልጅ ተቀምጣለች። ሁለቱ ጓደኞቼ ቀና ብለው አዩኝና ወደ ደብተራቸው ተመለሱ። ጆሮዬ ጋለ፣ መምህሩ ግቢ ሲለኝ እንኳ አልሰማሁም። ዞሬ ወጣሁ። በማግስቱ አመመኝ አልኩ፤ በሳምንቱም አመመኝ አልኩ፤ የሚኒስትሪ ፈተና ሲደርስ እኔ ቤት ነበርኩ። ልጅቷ ለምን እዚያ እንደተቀመጠች እስከ ዛሬ አላውቅም። አልጠየቅኩም።

እናቴን አላውቃትም፤ እኔን ወልዳ ነው የሞተችው። አባቴ እዚሁ ኮልፌ ዘበኛ ሆኖ አሳደገኝና ሲያረጅ ወደ ትውልድ ቦታው፣ ወደ ሸዋ ገጠር ተመለሰ። እኔ ከአጎቴ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቼ ቀረሁ። እትዬ ዘንድ የወሰደኝም አጎቴ ነው፤ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። እትዬ ከጉራጌ አገር በልጅነታቸው መጥተው ከእኔ ዕድሜ በላይ እዚህ የኖሩ፣ ወፍራም፣ ብዙ የማይናገሩ ሴት ነበሩ። አጎቴ ስለ እኔ ጠባይ ሊነግራቸው ሲጀምር አቋረጡትና እጄን ይዘው ጣቶቼን አገላብጠው አዩ። ከዚያ ነገ ትምጣ አሉ። ሌላ ምንም አልጠየቁም።

ከእኔ በፊት አንዲት ሠሪ ነበረች፤ በሦስት ዓመት ትበልጠኛለች፤ አፏ አያርፍም። እኔ የያዝኩትን እረሳለሁ፤ ክር ልገዛ ወጥቼ የጎረቤት ልብስ ዝናብ እንዳይመታው ሳስገባ እቆያለሁ። አንድ ጊዜ የአንዲትን ደንበኛ ግማሽ ራስ ሠርቼ ወጥቼ ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ ያቺ ልጅ አዲስ ደንበኛ በገባች ቁጥር «እህት፣ ቀጠሮ አለብሽ? ካለብሽ እኔ ጋ ቁጭ በይ። እሷ ጋ ከሆነ ግን ስንቅ ያስፈልግሻል» ትላለች። ሁሉም ይስቃል፤ እኔም እስቃለሁ። ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ ፊቴን እታጠባለሁ። ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ቃሏን እየመላለስኩ እሰማዋለሁ። እሷ ስትናገረው ረስታዋለች፤ እኔ ከዓመት በፊት ያለችውንም አስታውሳለሁ። ሱቅ የተላክሁበትን የሚረሳ ጭንቅላት ይህን እንዴት እንደማይረሳ ይገርመኛል።

ለቅዳሜ ግን ሁሉንም እችለው ነበር። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን፣ ደንበኛ መቀበል ይቆምና እትዬ እኛን ይሠሩናል። ሠሪ ራሷን ጥላ የሰው ራስ ይዛ ብትቀመጥ ማን ያምናታል ይሉ ነበር። እኔ ከቀትር ጀምሬ አሮጌውን ሹሩባ ፈትቼ፣ አበጥሬ እጠብቃለሁ። ተራዬ ሲደርስ ዱካው ላይ በጉልበታቸው መሃል እቀመጣለሁ። እጃቸው ከባድ ነው፤ ግን አያምም። ልጅ ሆኜ ራሴን የሚሠራኝ አልነበረም፤ አባቴ ፀጉሬን በየወሩ በመቀስ ነበር የሚያሳጥረው። እትዬ እጅ ላይ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። ራሴ ሲዘነበል በአውራ ጣታቸው ቀና ያደርጉኝና ይቀጥላሉ። ስለዚያ ሰዓት ከዚህ የበለጠ እንዴት እንደሚጻፍ አላውቅም።

ሁለት ዓመት ገደማ እንደሠራሁ የሆነው ይህ ነው።

ሐሙስ ዕለት ማንቆርቆሪያ ጥጄ ረሳሁት። ውሃው አልቆ፣ ታችኛው ተበስቶ፣ እጀታው ቀልጦ ቤቱን ጭስ ሞላው። ደንበኛ ጫፏ እስኪነከር እየጠበቀች ነበር። እትዬ በሩን ከፈቱ፣ ማንቆርቆሪያውን በጨርቅ ይዘው ውጭ አስቀመጡትና ተመልሰው ሥራቸውን ቀጠሉ። አንድም ቃል አልተናገሩኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ስንት ነገር እንዳበላሸሁባቸው ስቆጥር አደርኩ፤ ሲነጋ እኔ በእሳቸው ቦታ ብሆን ይህቺን ልጅ አላቆያትም የሚል ሐሳብ ላይ ደረስኩ።

ዓርብ ዊግ እንዳመጣ ተላክሁ። ስመለስ ሬዲዮው ተዘግቷል። ያ ሬዲዮ ከጠዋት እስከ ማታ ተዘግቶ አያውቅም። አብራኝ የምትሠራው ልጅ እያወራች ነበር፤ እኔ ስገባ ዝም አለች። ዓይኗ ቀልቷል። እትዬ ቀና አላሉም። ልቤ ወዲያው አንድ ነገር አወቅሁ አለኝ፤ ልቤ እንዲያ ሲለኝ ደግሞ ሌላ ማንንም አልሰማም። ሊያባርሩኝ ተማክረዋል፣ ልጅቷም አዝናልኛለች አልኩ።

ቅዳሜ ባሰ። የቆዩ ደንበኞቼ ሲመጡ እትዬ እየቀደሙ ወደ ሌላዋ ላኳቸው። ምሳ ላይ ከወጡ ሥጋ ሥጋውን እየመረጡ ወደ እኔ ገፉት። በቃኝ ስል «ብዪ» አሉኝ፣ ቆጣ ብለው። አጉርሰውኝ የማያውቁት ሴት አጎረሱኝ። እየዋጥኩ የማስበው ስለ በዓል ዶሮ ነበር፤ እሷም በመጨረሻው ቀን እህል በደንብ ይበተንላታል።

አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ። እትዬ ያቺን ልጅ ሠሩ። እኔ ፀጉሬን ከቀትር ጀምሬ ፈትቼው ነበር፤ ትከሻዬ ላይ ተበትኖ ተራዬን እጠብቃለሁ። ልጅቷ ስትነሳ ሄጄ ዱካው ላይ ልቀመጥ ስል እትዬ ተነሱና ቀሚሳቸውን አራገፉ።

«አንቺን ዛሬ አልሠራሽም» አሉ፤ የሚያዩት መሬት መሬቱን ነው። «ነገ ጠዋት ወደዚህ እንዳትመጪ። ቤትሽ ሁኚ።»

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁልጊዜ እንከፍት ነበር። አትምጪ የሚባል ነገር ሰምቼ አላውቅም። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። ጆሮዬ ጋለ፤ ከዚያ በኋላ ያሉትን አልሰማሁም። የተበተነውን ፀጉሬን በሻሽ አሠርኩ፤ የራሴን ማበጠሪያ ከመሳቢያው አወጣሁ። ያቺ ልጅ ተከትላኝ ወጥታ ዛሬ አንቺ ጋ ልደር ብትለኝ፣ ሌላ ጊዜ ብላኝ የማታውቀው ስለሆነ ምጽዋት መሰለኝ። አያስፈልገኝም አልኳት። ስልኬን አጠፋሁ። ቤቴ አልሄድኩም፤ ከፌርማታው ታክሲ ይዤ ዘነበወርቅ፣ ድሮ ጎረቤታችን ወደነበረች፣ አሁን አግብታ ወደምትኖር ጓደኛዬ ዘንድ ሄድኩ።

እዚያ ሁለት ሌሊት አደርኩ። ጓደኛዬ ሻይ እያቀረበች ምን እንደሆንኩ ስትጠይቀኝ ከሥራ አባረሩኝ አልኳት።

«ምን አሉሽ?»

«ምንም አላሉኝም።»

«ታዲያ ማን አባረረሽ?»

ደነዝ መሰለችኝ። ያን ሁለት ቀን ስቀመጥም ስተኛም እትዬን የምናገራቸውን ንግግር እያዘጋጀሁ አሳለፍኩ። በሕይወቴ ስንት ሰው ላይ እንዲህ ያለ ንግግር አዘጋጅቼ ሳልናገረው ቀርቻለሁ። ይኼኛውን ግን ልናገረው ቆረጥኩ።

ሰኞ ጠዋት በሩ ላይ ቆምኩ። እትዬ አንዲት የቆየች ደንበኛችንን እየሠሩ ነበር፤ ነርስ ነች። ያቺ ልጅ ስታየኝ እጇ አፏ ላይ ሄደ። እትዬ ቀና ብለው አዩኝ፤ ፊታቸው ላይ አንድ ነገር መጣ፣ ሄደ፤ ጥላቻ ነው አልኩ። ጀመርኩ። እርስዎ ስላቸው የኖርኩትን ሴት አንቺ አልኳቸው። «ውሻ እንኳ ሲባረር ሂድ ይባላል» አልኩ። «አንቺ ግን አፍ የለሽም። ለአንድ ማንቆርቆሪያ ብለሽ ነው? ፀጉሬን ለመንካት የተጠየፍሽኝ ምን አድርጌሽ ነው? እናት የሌላት ስለሆንኩ ነው?» ሌላም ብዙ አልኩ። ሁሉንም ማስታወስ አልፈልግም።

እትዬ የያዙትን ጉንጉን አልለቀቁም። እኔ እስክጨርስ እሳቸው እስከ ጫፉ ጨረሱት። ከዚያ ቀስ ብለው ተነሱ። ለዚያች ልጅ በዓይናቸው ምልክት ሰጧት፤ እሷ ሮጣ ወጣች።

«ጨረስሽ?» አሉኝ።

«ጨረስኩ።»

«ነጠላሽን ልበሺ፤ እንሂድ።»

ክንዴን ይዘውኝ ወጡ። ሊከሱኝ ወደ አጎቴ የሚወስዱኝ መስሎኝ ነበር፤ እኔም ለእሱ የምለውን እያዘጋጀሁ አብሬ ሄድኩ። የተከራየሁበት ግቢ ስንደርስ የአጥሩ በር ክፍት ነው። ውስጥ አግዳሚ ወጥቷል፤ ሰው ሞልቷል። አጎቴ ጋቢውን አዘቅዝቆ ለብሷል። እሱን እንዳየሁ ገባኝ። አባትሽ ሲለኝ ሰምቼዋለሁ፤ ቀሪውን አልሰማሁም። እትዬ ከኋላ ደግፈው ያዙኝ። በዚያች ደቂቃም ክንዴን አልለቀቁትም ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ሁሉንም የሰማሁት። አባቴ ዓርብ አርፎ ነበር። አጎቴ ለቀብር ወደ ገጠር ሲሄድ፣ እኔ ዊግ ልገዛ በወጣሁበት ሰዓት፣ እትዬ ዘንድ ገብቶ ነገራቸው፤ ድንጉጥ ናትና መርዶዋን እሑድ ንጋት ላይ ዘመድ ተሰብስቦ እስኪያረዳት ጠብቁልኝ ብሎ አደራ ሰጣቸው። ማርዳት የዘመድ ነው፤ እትዬ ቢጨንቃቸውም የእሳቸው አልነበረም። ሥጋውን መርጠው ያበሉኝ ሐዘን ላይ እህል እንደማልቀምስ አውቀው ነው። ፀጉሬን ለምን እንዳልሠሩኝ ደግሞ ያቺ ልጅ ነገረችኝ፤ እኔ ከወጣሁ በኋላ ዱካዬ ላይ ቁጭ ብለው አልቅሰዋል። በንጋታው በሐዘን ነጭታ የምትበታትነውን ፀጉር እጄ እንዴት አድርጎ ይጎንጉነው አሉ።

እሑድ ንጋት ላይ ሁሉም በሬ ላይ ተሰበሰቡ። በሩ ቁልፍ ነው፤ ስልኬ ዝግ ነው። ከሰው ሰምታ አንድ ነገር ሆነች አሉ። እትዬ ቤቱን ዘግተው ቀኑን ሙሉ ሲፈልጉኝ ዋሉ። ቀራንዮ መድኃኔዓለም ድረስ በእግራቸው ሄደው፣ ነጠላ ተከናንባ የተቀመጠች ሴት ባዩ ቁጥር ጎንበስ እያሉ ፊቷን ያዩ ነበር አሉኝ።

የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ሰው እግዜር ያጽናሽ ሲለኝ ከሐዘኑ እኩል ይህ ይበላኝ ነበር። ሌላው ለአባቴ ሲያለቅስ ሁለቱን ቀን እኔ ለራሴ ነው ያለቀስኩት። እትዬ በየቀኑ መጡ። ምግብ ይዘው ይገባሉ፣ ዳር ላይ ይቀመጣሉ፣ ሲመሽ ይሄዳሉ። ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም። ለወጉ ነው የሚመጡት፣ ለአጎቴ ብለው ነው አልኩ። ይቅርታ ማለት እንኳ አልቻልኩም፤ ይቅርታዬን ባይቀበሉትስ። አርባው ወጣ፤ እኔ ሥራ አልተመለስኩም። በዚያ በኩል ማለፍ ሲኖርብኝ በማዶው ጠርዝ፣ ከወፍጮ ቤቱ ወረፋ ጀርባ ተደብቄ አልፍ ነበር። ሥራው ሳይሆን የቀረብኝ ቤቱ ነበር። በዓለም ላይ የእኔ የምለው ሌላ ቤት አልነበረኝም፤ በራሴ አፍ ዘጋሁት።

ያቺ ነርስ ቤቴን ጠይቃ መጣች። ሰኞ ዕለት የተናገርኩትን ሁሉ ዱካው ላይ ተቀምጣ የሰማችው እሷ ናት፤ ስላፈርኩ መጀመሪያ በሩን ልከፍትላት አልፈለግኩም። አልወቀሰችኝም። ከልጅነቴ ጀምሮ እንደዚህ እንደሆንኩ ጠየቀችኝ፤ ስለ መርሳቴ፣ ተቀምጬ እግሬን ስለማወዛወዜ፣ ሰው ሲያስከፋኝ ስለምሆነው። ማንም እነዚህን አንድ ላይ ጠይቆኝ አያውቅም። ከሐኪም አገናኘችኝ። ሐኪሙ ብዙ ቀን ካነጋገረኝ በኋላ ኤዲኤችዲ የሚባል ነገር ነው አለኝ፤ ትኩረት የሚበተንበት፣ ነገር የሚረሳበት፣ አብሮ የሚወለድ ጠባይ ነው፤ ስንፍናም ዕብደትም አይደለም አለ። እንደዚህ ካሉት ሰዎች ብዙዎቹ አልተፈለግሁም የሚለው ስሜት ከሌላው ሰው ይልቅ ጠልቆ ይሰማቸዋል፤ ሕመሙ የምር ነው፤ ወሬው ግን ሁልጊዜ እውነት አይደለም አለኝ። ይህን ሲለኝ አለቀስኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ስም ስላለው ይመስለኛል። ሃያ ዓመት ሙሉ ስሙ «ቅብጥብጥ» እና «አኩራፊ» ነበር።

መድኃኒት አለ፤ ጀመርኩት፤ መርሳቱን ቀነሰልኝ። ሌላውን ግን በአንድ ጊዜ የሚያጠፋ መድኃኒት የለም፤ ሰው ፊት ላይ ያየሁ የሚመስለኝን ከማመኔ በፊት መጠየቅ እንድለምድ ነገረኝ። ቀላል ይመስላል። እኔ ሰው ጠይቄ አላውቅም ነበር። እምቢ የሚለውን ቃል በጆሮዬ ከምሰማ ራሴ ብዬው መሄድ ነው የለመድኩት።

ሦስት ቀን ሞከርኩ። ሁለቱን ቀን ከፌርማታው ተመለስኩ። በሦስተኛው በሩ ላይ ደረስኩ። እትዬ ለበሩ ጎናቸውን ሰጥተው የአንዲት ሴትዮ ራስ ላይ ዊግ እየሰፉ ነው። ሰላምታ ከሰጠሁ እንደምሮጥ ስለማውቅ በአንድ ትንፋሽ፣ «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ተመልሼ እንድሠራ ይፈልጋሉ ወይስ አይፈልጉም?» አልኩ።

እትዬ ዝም አሉ።

ወፍጮው ሲፈጭ ይሰማኛል። ጆሮዬ መጋል ጀመረ። አንድ እግሬ ወደ ውጭ ዞሯል።

«ኧረ ቆይ አቦ» አለች ያቺ ልጅ ከውስጥ። «ክር ነክሰው እኮ ነው።»

እትዬ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ፣ ትፍ አሉ፣ ወደ እኔ ዞሩ። «ክር እስክበጥስ አልጠበቅሽኝም ማለት ነው» አሉ። ልጅቷ ሳቀች፤ ደንበኛዋም ሳቀች። የሳቁት በእኔ ላይ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን እግሬ አልሄደም።

ግቢ አሉኝ። ማንቆርቆሪያውን ግን ከእንግዲህ አንቺ አትነኪውም አሉ። ማታ ሁሉም ሲሄድ አስቀመጡኝና ከዚያ ቀደም ሰምቼ የማላውቀውን ያህል ተናገሩ። ስለ ስድቤ አላነሱም። «እኔ ስቆጣ አፍ አለኝ» አሉ። «ካልነገርኩሽ አልተቆጣሁም። ፊቴን እያየሽ አትድከሚ፤ ፊቴ የራሱ ጣጣ አለበት፤ ጥርሴንም ያመኛል።»

ሁሉም ነገር በዚያ ቀን ተስተካከለ ብል ውሸት ነው። ከዚያ ወዲያም ፊታቸው ሲጠቁር ከጠዋት እስከ ምሳ የጎነጎንኩትን እየፈታሁ እንደገና እጎነጉን ነበር። ግን እጠይቃለሁ። ተቆጥተውኛል ወይ ስላቸው አንድ ቀን ጫማዬ ጠቦኝ ነው አሉ። ሌላ ቀን እህታቸው ታመውባቸው ነበር። አንድ ቀን ደግሞ «አዎ፣ ተቆጥቻለሁ፤ ትናንት በሩን ሳትቆልፊ ነው የሄድሽው» አሉኝ። ያን ቀን ስጠብቅ የኖርኩት ነገር መጣ፤ መጥቶም ቁጭ ብዬ የያዝኩትን ራስ ጨረስኩ። ተቆጥተውኝም ምሳ አብረን በላን። ይህ ሊሆን የሚችል ነገር መሆኑን ሃያ ዓመት አልፎኝ ነው ያወቅሁት። ያቺ ልጅም ስንቅ የሚለውን ቀልዷን አልተወችም፤ አንድ ቀን እንደሚያመኝ ስነግራት ደነገጠች፤ ለሁለት ሳምንት ተወችውና ናፈቀኝ፤ መልሺው አልኳት።

ሦስት ዓመት እንደዚያ ኖርን። ከዚያ ቤቶቹ ላይ በቀለም ምልክት ተደረገ፤ መንገዱ ሊሰፋ ነው ተባለ። ወፍጮ ቤቱ ቀድሞ ተነሳ። እኛ በመጨረሻው ሳምንት እንኳ ደንበኛ እንቀበል ነበር፤ ጎናችን ሲፈርስ አቧራው ፀጉራቸው ላይ እየወደቀ እያራገፍን እንሠራለን። እትዬ ሌላ ቤት አልፈለጉም። ወልቂጤ እህታቸው ዘንድ ሊሄዱ፣ እዚያው በር ላይ ዱካ ሊያወጡ ወሰኑ። ሲነግሩኝ የመጀመሪያው ሐሳቤ እኔን ለመሸሽ ነው የሚል ነበር። አሁንም ቀድሞ የሚመጣው እንዲህ ያለው ሐሳብ ነው። ግን እስኪሄድ ቁጭ ብዬ እጠብቀዋለሁ።

አሁን ቀራንዮ አንድ ትልቅ ፀጉር ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ግድግዳው በሙሉ መስታወት ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ፊት አያለሁ። አንዳንድ ቀን ይከብደኛል። ከሰዓት በኋላ፣ ዝናብ ሲጥል፣ ጣሪያው ሲሚንቶ ስለሆነ ምንም አይሰማም፤ ያኔ የእትዬ ቆርቆሮ ይናፍቀኛል፤ ጉልበታቸው ይናፍቀኛል፤ ዱካው ላይ የሚወስደኝ እንቅልፍ ይናፍቀኛል።

ያኔ ወልቂጤ ሲሄዱ መናኸሪያ የሸኘኋቸው እኔ ነኝ። ዕቃቸውን አውቶቡሱ ላይ አስጫንን። ረዳቱ ቶሎ በሉ እያለ ሲያጣድፈን፣ እዚያ ከሄዱ በኋላ ብደውልልዎት እሰለችዎታለሁ ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። እትዬ አንድ እግራቸውን ደረጃው ላይ አድርገው ወደ እኔ ዞሩ።

«ስትደውዪ ካላነሳሁ፣ እጄ ሰው ራስ ላይ ነው» አሉኝ። «ደግመሽ ደውዪ።»